የጋሼ ጌታነህ ኮምፓይለር

በሸኙኝ ዕለት ብርድ ልብስ ሰጡኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ለጡረተኛ ብርድ ልብስ መስጠት ያለ ነው፤ ብርዱም የታወቀ ነው፣ ስጦታውን አልጠላሁትም። የጠላሁት ንግግሩን ነው። አዲሱ ኃላፊያችን፣ በዕድሜ ከመጀመሪያ ልጄ የሚያንስ ጨዋ ሰው፣ ስለ ትጋቴና ስለ ሰዓት አክባሪነቴ ከተናገረ በኋላ፣ ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ሳይሆን ማሽኑ ራሱ እንደሆነ፣ የፈለግነውን በአማርኛ ጠይቀን እንደምናገኝ፣ እነ ወይዘሮ አስካለ፣ እኔ ማለት ነው፣ የሠሩበት ዘመንም በክብር ተዘግቶ ለታሪክ እንደተላለፈ ነገረን። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ብርድ ልብሱ ሥር ስለነበር ግን ድምፅ አላወጣም።

ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን ለታሪክ ሲያስተላልፈኝ ሥራዬን ጨርሼ እንደሆነ አልጠየቀኝም። አልጨረስኩም ነበር።

የተወለድኩት ጎረቤላ ነው፣ አንኮበር። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ታላቅ ወንድሜ ልሳነወርቅ የእርሳቸውን መንገድ ተከትሎ መሪጌታ ሆኗል። እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ የጽሕፈት መኪና ተማርኩና ደብረ ብርሃን፣ አንድ የግብርና መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። ዘመኑ ደርግ ነው። ደብዳቤው ሁሉ በሦስት ቅጂ ይተየባል፤ ካርቦኑ ጣቴን ሰማያዊ አድርጎት ይውላል። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለጫማ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የስታቲስቲክስ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ጌታነህ ይባላሉ። በዕድሜ ሃያ ዓመት ያህል ይበልጡኛል፤ ጋሼ ነበር የምላቸው። ክረምት ከበጋ ቡናማ ሹራብ የማይለያቸው፣ እርሳስ በምላጭ የሚቀርጹ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ከእኛ ጋር ሲሠራ የነበረ የውጭ አገር ባለሙያ ኮንትራቱ አልቆ ሲመለስ፣ ለልጆቹ መጫወቻ ያመጣትን ትንሽ የቤት ኮምፒውተር ለመሥሪያ ቤቱ ትቶ ሄደ። ከደብተር የማትበልጥ ጥቁር ዕቃ ናት። ቁልፎቿ እንደ ላጲስ ይለሰልሳሉ። ከቴሌቪዥን ጋር ትገናኛለች፤ ፕሮግራሟን የምታነበው ደግሞ ዘፈን ከሚሰማበት ከተራ ካሴት ነው። ማንም አልፈለጋትም። ጋሼ ጌታነህ ጠረጴዛቸው ላይ አኖሯትና እኔን አስጠሩኝ።

«ጣትሽ ፈጣን ነው ይሉኛል» አሉኝ። «እኔ የማስተምርሽ እንዲዘገይ ነው።»

የመጀመሪያው ትምህርት እጅ ላይ መቀመጥ ነበር። ቀልድ አይደለም። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ላይ በእርሳስ ይጻፋል። ከዚያ ሁለታችንም ወንበራችን ላይ ሆነን እጃችንን ከጭናችን ሥር እናስገባለን። እጃችን ታስሮ፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ጮክ ብለን እናነባለን፤ እኔ አነባለሁ፣ እርሳቸው እንደ ማሽን ሆነው የታዘዙትን ብቻ ይፈጽማሉ። «ሁለትን ከሦስት ጋር ደምር» ካልኩና ውጤቱን የት እንደሚያኖሩት ካልነገርኳቸው ዝም ብለው ያዩኛል። አንድም ቀን «ማሽኑ እንቢ አለ» ሲሉ አልሰማሁም። «አልነገርናትም» ነው የሚሉት።

ሁለተኛው ልማዳቸው ሦስት ቁጥር ነበር። ማንኛውም ስሌት ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት ከዝርዝሩ ውስጥ ትንሹን፣ መካከለኛውንና ትልቁን መርጠን በወረቀት እናሰላለን፤ ሦስቱም ከማሽኗ ጋር ሲስማሙ ብቻ ውጤቱ ይተየባል። አንድ ጊዜ ሰዓት ስለሄደ ትልቁን ልዝለለው ብላቸው ኮታቸውን መልሰው ሰቀሉና ተቀመጡ።

ማሽኗ አብሯት የተፈጠረ አንድ ቋንቋ አላት፤ ግን ዘገምተኛ ነው። የምንጽፍላትን ትእዛዝ አንድ በአንድ እየተረጎመች፣ እየፈጸመች፣ ያንኑ መስመር ሺህ ጊዜ ብትደርስበት ሺህ ጊዜ እንደ አዲስ እየተረጎመች ትሄዳለች። የየገበሬ ማኅበሩን የዘር ፍላጎት አስልታ ከመኪኖቹ ጭነት ጋር ለማዛመድ ከጠዋት እስከ ማታ ይፈጅባት ነበር። ጋሼ ጌታነህ ከውጭ ትምህርት የተመለሰ ጓደኛቸውን ለምነው አንድ ካሴት አገኙ። ካሴቱ ላይ ያለው ኮምፓይለር ነው። ኮምፓይለር ማለት የጻፍነውን ፕሮግራም በሙሉ አንድ ጊዜ ማሽኗ ወደሚገባት ቁጥር ገልብጦ የሚያስረክብ ፕሮግራም ነው፤ ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ያ የአንድ ቀን ስሌት ሻያችን ሳይቀዘቅዝ አለቀ። እኔና ጋሼ ተያየን፤ እርሳቸው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው።

ፍጥነቱ ግን ዋጋ ነበረው። ኮምፓይለሩ ከ65,535 በላይ የሆነ ቁጥር አያውቅም። ከዚያ ካለፈ ከዜሮ ይጀምራል፤ ልክ የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ሞልቶ እንደሚዞረው። ይህን ነግረውኛል። ደብተሬ ላይም ጽፌዋለሁ። አላውቅም ነበር ልል አልችልም።

የዘር ወቅት ደረሰ። ጋሼ ጌታነህ ለስብሰባ አዲስ አበባ ተጠሩ። ሲወጡ «ሦስቱን ሳታሰዪ እንዳታወጪ» ብለውኝ ሄዱ። በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መጥቶ ዝርዝሩን ለነገ አለኝ። ሙሉውን በኮምፓይለሩ ሠራሁት። ሦስት ማኅበራትም በእጄ አሰላሁ፤ ነገር ግን ትንሹን፣ መካከለኛውንና ትልቁን አልመረጥኩም፤ ከክምሩ ላይ የተደረቡትን ሦስቱን አነሣሁ። ሦስቱም ትናንሽ ነበሩ። ልክ መጡ። ተየብኩት።

ለአንድ አባወራ ሰማንያ ኪሎ የገብስ ዘር ነበር የተመደበው። ከ819 አባወራ በላይ ካለው ማኅበር በቀር ማንም ያንን ገደብ አያልፍም፤ ያለው ማኅበር አንድ ብቻ ነው፣ መዘዞ በኩል፣ 890 አባወራ። 71,200 ኪሎ ማለት ነው። ማሽኗ ቆጠረች፣ ሞላች፣ ዞረች፣ 5,664 አለች። ሰባት መቶ ዐሥራ ሁለት ኩንታል ሃምሳ ስድስት ኩንታል ሆነ። እኔም ያንን ቁጥር በራሴ ጣት፣ በሦስት ቅጂ፣ ያለ አንድ ስርዝ ድልዝ ተየብኩት። ከኮምፒውተር የወጣ ነው ስለተባለ ከእኔ በላይ ያሉት ሁሉ ሳያነቡ ፈረሙበት።

ከዐሥር ቀን በኋላ የማኅበሩ ሊቀመንበር ቢሮ መጡ። ጋሼ ጌታነህም ተመልሰው ነበር። ሊቀመንበሩ የመጣላቸውን የዘር መጠን ሲናገሩ ጋሼ ዝርዝሩን አነሡ፣ ለጥቂት ጊዜ አዩት፣ ማሽኗን ሳይነኩ «ዞሯል» አሉ። እኔን አላዩኝም። በማግስቱ ጠዋት መዘዞ ወሰዱኝና ገበሬው በተሰበሰበበት ቆመው ስሌቱን የሠራነው እኛ ነን፣ ስህተቱ የእኛ ነው አሉ። ከጎናቸው ቆሜያለሁ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ፣ እስከ ዛሬ የተሳሳተ ቁጥር እንጂ የተሳሳተ ሰው መጥቶልን አያውቅም አሉ። ማመስገናቸው ይሁን መራገማቸው እስካሁን አልገባኝም።

ቀሪው ዘር የደረሰው ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ነው። ታች ያሉት ደረሰላቸው። ደጋው ላይ ያሉት ዘግይተው ዘሩ፣ አዝመራው ሳያፈራ የኅዳር ውርጭ ደረሰበት።

በዚያው በኅዳር አንዲት ሴት ቢሮዬ ገቡ። ወይዘሮ ማሚቴ ይባላሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ መሬታቸው ላይኛው ደጋ ላይ ነው። ከነጠላቸው ውስጥ አንድ እፍኝ የገብስ ዛላ አወጡና የጽሕፈት መኪናዬ ላይ አኖሩት።

«ቁጥሩን የሠራሽው አንቺ ነሽ አሉኝ» አሉ። «ይህንንም ቁጠሪልኝ።»

ሳቁብኝ ወይም ጮሁብኝ ብል ውሸት ነው። ቆመው ጠበቁ። ዛላውን አነሣሁ። በጣቴ ፈለፈልኩት። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ፈለፈልኩ። ገለባ ነው፤ ፍሬ የለበትም።

«ባዶ ነው እማማ» አልኳቸው።

«እንግዲህ አወቅሽው» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ገለባውን ከመኪናዬ ፊደላት መካከል በመርፌ ስለቅም ዋልኩ።

ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ይገባኝ ነበር። ከማስጠንቀቂያው ጋር ግን ሌላ ውሳኔ መጣ፤ ኮምፒውተሯ ትቆለፍ፣ ስሌት በእጅ ይሠራ፣ ታይፒስቷ ወደ ትየባዋ ትመለስ፣ አቶ ጌታነህ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ይዛወሩ የሚል። ጥፋቴን ያኔም ወስጃለሁ፣ አሁንም የእኔ ነው። ከጥፋቴ ተነሥቶ የተሰጠውን ፍርድ ግን አልተቀበልኩትም፤ ዛሬም አልቀበለውም። የተሳሳተ ሰው የሚማረው ከማረም እንጂ ከመተው አይደለም። ገበሬ አንድ ዓመት ውርጭ ቢመታው ማረሻውን አይቆልፍም።

ማሽኗ ከመቆለፏ በፊት በነበሩት ቀናት ጋሼ ጌታነህ ክፍሉን ዘግተው ብቻቸውን ሲሠሩ ነበር። ምን እንደሚሠሩ አልነገሩኝም። ሊሄዱ ሲሉ የኮምፓይለሩን ካሴትና ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተራቸውን ሰጡኝ።

«ማሽኗን በንብረት መዝግበው ቆልፈውባታል» አሉኝ። «ይህን ግን አልመዘገቡትም። ስህተትሽን አውቀሻል፤ ማረሚያውን ደግሞ ጽፈሽ አስቀምጪ።»

ጻፍኩት። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሁሉን በኪሎ ከማባዛት ለእያንዳንዱ አባወራ ሰማንያ ኪሎ እየደመሩ፣ ኪሎው መቶ ሲሞላ አንድ ኩንታል ማሻገርና መቶውን መቀነስ። ያኔ አንዱም ቁጥር ወደ ገደቡ አይጠጋም። ደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ፣ በእርሳስ፣ ሃያ ሁለት መስመር። የምሞክርበት ማሽን ግን አልነበረኝም። ጋሼ ጌታነህ በሄዱበት አገር አረፉ፤ የሰማሁት ከቀብሩ ብዙ ቆይቶ ነው።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ የቢሮው ስም ሦስት ጊዜ ተለወጠ። ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች መጡና ዳታ ኢንኮደር ተባልኩ። የፕሮግራም ሥልጠና ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፤ ሦስቴም ለመደብዎ አይመጥንም ተባልኩ። ለጥቂት ዓመታት ጎረቤላ፣ የወረዳው ቢሮ ተመድቤ ሠራሁ፤ የእንስሳት ክትባት ዝርዝር እዚያ ስሠራ፣ ሌሎቹ የጻፉት ፎርሙላ የመጨረሻዋን ቀበሌ ሳይደምር እንደሚቀር አገኘሁ። ያገኘሁት ሦስቱን በወረቀት ስለማሰላ ነው። ማንም እንድሠራው አላዘዘኝም፤ የሥራ ዝርዝሬም ላይ የለም። እስከ ጡረታዬ ዋዜማ ድረስ መሳቢያዬ ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን ደብተር አልጠፋም።

የሽኝቱ ማግስት የንብረት ክፍሉ ደምሴ የማስረክበውን ሊቀበለኝ ወደ መጋዘኑ ወሰደኝ። የሚወገዱ ዕቃዎች ጥግ ላይ ተቆልለዋል። ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር ጥቁር ነገር አየሁ። ጎትቼ አወጣኋት። አቧራ ከመልበሷ በቀር ያው ናት።

ደምሴ ምን ታደርግልዎታለች አለኝ። አስነሣታለሁ አልኩት። ሳቀ፤ ግን ቅን ሰው ነው፣ የማስወገጃ ፎርሙን ሞላልኝ፣ ኃላፊውም ሳያይ ፈረመ። በዚያ መሥሪያ ቤት ሳይነበብ የተፈረመ ወረቀት ለአንድ ጊዜ ጠቀመኝ።

ጎረቤላ፣ አባታችን ቤት ገባሁ። ወንድሜ ልሳነወርቅ የሚኖረው እዚያ ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነበር፤ አንዱን ክፍል ለቀቀልኝ። ልጄ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ እማዬ አርፊ እንጂ፣ ያ ኮምፓይለር ደግሞ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ አለችኝ። የኢንተርኔቱን ማን እንደነካካው አላውቅም፣ የዚህን አውቃለሁ አልኳት።

መጀመሪያ መብራቷ ነው። የድሮው አዳፕተር ተቃጥሏል። ደብረ ብርሃን ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ሌላ ሠራልኝ፤ ሊሰካው ሲል ግን እጁን ያዝኩት። የዚህች ማሽን መሰኪያ መሃሉ ኔጌቲቭ ነው፣ ከሌላው ሁሉ ተቃራኒ፤ የጋሼ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ተሠምሮበት ተጽፏል። ገልብጦ ቢሰካ ያን ጊዜውኑ ታበቃለች። ቀጥሎ ቁልፎቹ። ግማሾቹ አይሠሩም። ስከፍታት ከቁልፎቹ ወደ ውስጥ የሚሄደው ስስ ፕላስቲክ ጫፉ ደርቆ ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀውን አንድ ጣት ጥፍር ያህል በመቀስ ቆርጬ የቀረውን መልሼ ሰካሁት። ሠራ። ቴሌቪዥኑ ቀላል ነበር፤ አዲሶቹ አይቀበሏትም እንጂ ጫጫ ያለ ዘመዳችን ቤት ሆዱ ትልቅ የሆነ አሮጌ ቴሌቪዥን ተጥሎ ነበር፤ በሚኒባስ አመጣሁት።

ካሴቱ ላይ ነው የወደቅኩት። ልሳነወርቅ የአባታችንን ዜማ የቀዳበት ቴፕ አለው። ለመንኩት። ድምፁን ሊያጠፋብኝ ነው ብሎ ሁለት ቀን ከለከለኝ፤ በሦስተኛው ቀን የአባታችንን ካሴቶች በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከቆለፈ በኋላ ሰጠኝ። ከማሽኗ ጋር አገናኘሁትና አጫወትኩት። የኮምፒውተር ካሴት ሲነበብ መጀመሪያ አንድ ወጥ የሆነ ረጅም ድምፅ አለ፣ ከዚያ ጆሮ የሚፈጅ ጩኸት ይከተላል። ጩኸቱ መሃል ላይ ማሽኗ የንባብ ስህተት ብላ ቆመች። ደገምኩ፣ ቆመች። አምስት ቀን ሞከርኩ። ክሩ አርጅቷል፤ ባጫወትኩት ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየተፋቀ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ሌላ ቅጂ የለም። በአምስተኛው ቀን ቴፑን አጥፍቼ እጄ ላይ ተቀመጥኩ።

ልሳነወርቅ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። ዕድሜውን ሙሉ ዜማ ያስተማረ ሰው ነው።

«ያ የመጀመሪያው ድምፅ» አለኝ፣ «አንድ መሆን አለበት?»

አዎን፣ አንድ ወጥ መሆን አለበት አልኩት።

«አይደለማ። እየወረደ ነው። መነሻው ቀና ይላል፣ መድረሻው ላይ ሩብ ያህል ወርዷል። ተማሪዬ ቢሆን አስቆመው ነበር።»

እኔ አንድም ልዩነት አልሰማሁም። ቴፑን ከፈትነው። ካሴቱን የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ ረግቧል፤ ሲሞቅ ይበልጥ ይለሰልሳል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ልሳነወርቅ ከተበላሸ ሌላ ቴፑ የተሻለ ቀበቶ አወጣ። ገጠምነው። ድምፁ ቀና አለ። ማሽኗ ግን አሁንም ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

«አሁን አልወረደም፣ ታፍኗል» አለ። «ጥርሱ የለም።»

ይህኛው ገባኝ። ካሴቱን የሚያነበው የብረት ጭንቅላት አጠገብ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ ጭንቅላቱን ከክሩ ጋር የምታስተካክለው እሷ ናት። እኔ በብሎን መፍቻ በጥቂት በጥቂቱ አዞርኩ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ጨምሪ፣ አለፍሽው፣ ተመለሽ፣ ትንሽ፣ በቃ። ያ የመሪጌታ ፊቱ ሲፈታ አየሁ። ከመጀመሪያው አጫወትኩት። የቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ ሰማያዊና ቢጫ ሰንበሮች እየተሯሯጡ ቆዩ። መብራት እንዳይሄድ ብቻ እጸልይ ነበር። ጩኸቱ ቆመ። ኮምፓይለሩ ተነሥቶ ትእዛዝ ጠበቀ።

ዝም ብዬ ወደ ትየባ አልሮጥኩም። መጀመሪያ ወዲያው ወደ አዲስ ካሴት ገለበጥኩት፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ከደብተሩ መጨረሻ ገጽ ሃያ ሁለቱን መስመር አስገባሁ፣ ተርጉም አልኳት።

አንድ ቦታ ተሳስቻለሁ፤ ድግግሞሹ እዚህ ያበቃል የሚለው መዝጊያ ትእዛዝ ቀርቶብኛል። ይህ ያለ ነው። ኮምፓይለሩ እንዲህ ሲሆን በእንግሊዝኛ ስህተት ብሎ የመስመሩን ቁጥር ያሳያል፤ በወጣትነቴ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። አሁን ያሳየኝ ግን ሌላ ነው። የመስመሩ ቁጥር አለ፤ ከጎኑ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ አለ። እንደገና አንብቢው ይላል።

ቀስ ብዬ ነው የገባኝ። ጋሼ ጌታነህ ክፍሉን ዘግተው የሠሩት ይህንን ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል ከኮምፓይለሩ ሆድ ውስጥ ፈልገው፣ ፊደል በፊደል ቁጥሩን ለውጠው፣ ቦታው እንዳይተርፍም እንዳይጎድልም ልኩን ቆጥረው በአማርኛ ተክተውታል። አንብቢው ነው ያሉት፣ አንብበው አላሉም። ማሽኗ በተቆለፈችበት፣ እርሳቸው በተባረሩበት፣ እኔ የመሳሳት ምሳሌ በሆንኩበት ሳምንት፣ አንድ ቀን ይህን እንደማስነሣ፣ ሳስነሣውም እንደምሳሳት አውቀው አስቀምጠውልኛል። አለቀስኩ። ወንድሜ ወጥቶ በሩን ገርበብ አደረገልኝ።

ሲመለስ አጠገቤ አስቀመጥኩትና እጁን ከጭኑ ሥር እንዲያገባ ነገርኩት። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የቀረውን መስመር ጨመርኩ። ተርጉም አልኳት፣ ተረጎመች። 890 አባወራ አስገባሁ። 712 ኩንታል፣ 0 ኪሎ አለች።

ይህ ቁጥር ለወይዘሮ ማሚቴ አይደርስላቸውም። ያንን አውቃለሁ፣ ራሴን አላታለልኩም። ነገር ግን የተሳሳተ ሥራ ሳይታረም መቀመጥ አለበት ያለኝ ማነው? በወረቀት አሰላሁት፤ ተስማማ። ደብተሩ ላይ ጻፍኩት፣ ስሜን ፈረምኩበት።

ከሳምንት በኋላ ልሳነወርቅ፣ ይህች ዕቃ ባሕረ ሐሳብ ታውቃለች ወይ ሲል ጠየቀኝ። አታውቅም፣ አንተ ካስተማርከኝ ግን እኔ አስተምራታለሁ አልኩት። የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ያንን ስሌት እሱ በቃሉ ነው የሚያውቀው። ሴት ልጅ ስለነበርኩ አባታችን ለእሱ ሲያስተምሩ እኔ በሩ ላይ ሆኜ ነበር የምሰማው። አሁን መሪጌታው ወንበር ስቦ ከመጀመሪያው ጀመረልኝ። ዓመተ ዓለሙን ለዐሥራ ዘጠኝ መግደፍ፣ ማለትም አካፍሎ ትርፉን መያዝ፣ ከትርፉ አንድ መቀነስ፣ የቀረውን በዐሥራ አንድ ማባዛት፣ ለሠላሳ መግደፍ። ሁሉም ትናንሽ ቁጥር ነው፤ ለዚያ ኮምፓይለር የተፈጠረ ይመስላል። የመጀመሪያው ዓመት ልክ መጣ። ሁለተኛው አንድ ወር ሳተ።

ልሳነወርቅ በጣቱ አንጓ ቆጠረና «መጥቅዑ ከዐሥራ አራት ሲያንስ በጥቅምት ነው የሚውለው» አለኝ፤ መጥቅዕ አጽዋማቱ የሚሰሉበት መነሻ ቁጥር ነው። «ይህን አልነገርሻትም።» ነገርናት። ሁለተኛውም ተስተካከለ። እያንዳንዱን ዓመት እሱ በቃሉ፣ እኔ በወረቀት፣ እሷ በራሷ ልናወጣና ሦስታችን ካልተስማማን ላናልፍ ተማማልን።

በዚያው ሰሞን ከመሥሪያ ቤቱ ደወሉልኝ። የሽኝቱን ንግግር ያደረገው ኃላፊ ማሽኗ እንደምትሠራ ሰምቷል። የቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን ስላለ በመስታወት ሣጥን ትቀመጥ ዘንድ እንድመልሳት ጠየቀኝ። ስሜም በካርድ ይጻፍላታል አለ። የሚሠራ ዕቃ መስታወት ውስጥ አይገባም አልኩት። ያስወገዱበትን ፎርምና የራሱን ፊርማ አስታወስኩት። በትሕትና አመሰገነኝና ዘጋ። ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት መኪና ደጃችን ቆመ። ደምሴ ነው፤ ባዶ ካርቶን ይዟል። በሩ ላይ ቆሞ፣ ማሽኗን እንዲወስድ መታዘዙን፣ እሱ ምንም ማድረግ እንደማይችል፣ ሹፌሩም እየጠበቀ እንደሆነ እያፈረ ነገረኝ። እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት ወንድሜ ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ ተናገረ።

«ልጄ፣ ሥራ ላይ ነን።»

ደምሴ ካርቶኑን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። መቼ እንደምንጨርስ ጠየቀ።

«የመቶ ዓመት ፋሲካ ነው የምናወጣው» አልኩት።

«አሁን የት ደረሳችሁ?»

«ሦስተኛው ዓመት ላይ ነን» አልኩትና ወደ ቁልፎቹ ዞርኩ።